ለእንግዳ የተለቀቀ መቀመጫ

ባለፈው ወር ከቤተ መጻሕፍቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ግርጌ፣ ከአውቶቡስ ጉዞው ሥር፣ አንድ መስመር ጨምሬ ጻፍኩ። «የከተማው ነዋሪዎች፣ የያዛችሁትን መቀመጫ ለእንግዳ አትልቀቁ» ይላል። በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍኩት፤ በሁለቱም ፊደል አልገደፍኩም። ሰኞ ጠዋት ጉዞዎቹን የሚያስተባብረው ወጣት መምህር ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እህቴ፣ ይቺ የመጨረሻዋ መስመር…»

«ምን ሆነች?»

«ስህተትስ የለባትም። ግን እንግዳም ያነባታል። ምን ይሉናል?»

እውነቱን ነው። መቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይጻፍም። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁና አጠፋሁት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሰሌዳው ፊት ትንሽ ቆየሁ። መስመሩን የጻፍኩት ስለ አንድ ሰው እያሰብኩ ነበር፤ ለዚያ ሰው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚቀጥለውን ሳምንት ዝግጅቶች ሰሌዳው ላይ መጻፍ የኔ ሥራ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የመምህራን ኮሌጁ ነበር፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ከተማው ሳያስበው የዝግጅት ከተማ ሆነ። ቅዳሜ በአዳራሹ የግጥም ምሽት። እሑድ የችግኝ ተከላ፣ አካፋ ያለው አካፋውን ይዞ ይምጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጎሬን የድሮ ቤቶች በእግር መጎብኘት። በገበያው ቀን ወደ ሁሩሙ፣ ንብ አናቢዎችን ለማየት። የተማሪዎች የሥዕል ትርኢት፣ መግቢያው ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጽፌ አላውቅም፤ «ዝናብ ከመጣ» የሚለውን። ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብ ከመጣ ተብሎ አይጻፍም። ዝናብ ይመጣል። ሰውም ጃንጥላውን ይዞ ይመጣል።

ፊደል ላይ ጥብቅ ነሽ ይሉኛል። የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው፤ በማታው ትምህርት፣ ከቀን ሠራተኞችና ከቤት ሠራተኞች ጋር። እንዲህ ያገኙት ነገር ሲበላሽ ያንገበግባል። አንድ «ሀ» ያለ ቦታው ከገባ ሰሌዳውን በሙሉ አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ።

እዚያ የላኩኝ እትዬ ናቸው፤ ታላቅ እህቴ። እናታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ገበያው አጠገብ ካለችው ቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ እኔ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጬ ጠርዝ እጠቅማለሁ። አንድ ቀን የምጠቅመውን ሱሪ ከእጄ ነጠቁኝ።

«ይበቃሻል። ማታ ማታ ያስተምራሉ አሉ፣ ሂጂ።»

«እርስዎስ አይሄዱም?»

«አንድ ሰው ቤት መያዝ አለበት። ቀድመሽ ሂጂ፣ እኔ እደርሳለሁ።»

አልደረሱም። እኔ ተምሬ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ እሳቸው ማንበብ ሳይችሉ ቀሩ። ስለዚህ ዓርብ ማታ ቤት ስገባ ሰሌዳውን በቃሌ እነግራቸው ነበር። የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ ያዳምጡኛል።

«ሳምንቱ ምን ይዟል?»

«የግጥም ምሽት።»

«የአገር ነው የፍቅር?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያው የፍቅር ነው። የአገር ቢሆን ይጽፉት ነበር። እሺ፣ ሌላ?»

«እሑድ ችግኝ ተከላ፣ ከወንዙ ማዶ።»

«አምና የተከሉበት ላይ? የአምናዎቹን የት አድርሰዋቸው ነው?»

እትዬ ያልሄዱበት ዝግጅት ትንሽ ነው። የሥዕል ትርኢት ይሄዳሉ፤ ሥዕሉ ፊት ቆመው ግን የሚያዩት የሠዓሊዋን ቀሚስ ጠርዝ ነው። የኮሌጁን የምረቃ ጋዋን ሲቀደድ የሚጠግኑት እሳቸው ስለነበሩ ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቋቸዋል፤ የአካባቢው ልጆች «ሃርሜ» ይሏቸዋል፣ እናቴ ማለት ነው።

አንድ ዓመት የቲያትር ክበቡ ለመድረኩ የኋላ መጋረጃ እንዲሰፉለት ጠየቃቸው። የተገኘው ጨርቅ ጠባብ ስለነበር ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ገጥመው ሰፉት፤ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች መሃል ለመሃል ወረደ። አንድ የሥዕል ተማሪ በላዩ የሶርን ፏፏቴ ሣለበት። ቲያትሩ የታየ ዕለት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ተዋንያኑ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ አንዷ ሞተች፣ አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ ከመጋረጃው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

ስንወጣ «ውሃው እንዲህ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው?» አሉኝ።

«አላየሁትም፣ እትዬ።»

ጎረቤታችንን አናጢውን ጠየቁት። እሱም አላየውም። የሰፈራችንን ነርስ ጠየቋት፤ ፎቶውን ቀን መቁጠሪያ ላይ አይታለች። ነገሩ የሚገርም አልነበረም። ወንዙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከከተማው ሥር ነው የሚያልፈው፣ ልብሳችንን አጥበንበታል። ፏፏቴው ግን በመኪና ተሂዶ፣ ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር ተወርዶ ነው የሚገኘው። አይቶት የሚመለሰው ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው።

«ስፌቴ ውሃውን ለሁለት ከፍሎታል» አሉ እቤት ስንገባ። «መሃሉ ላይ ምን እንዳለ ሳላውቅ ሰፋሁት። ሄጄ ማየት አለብኝ።»

ያኔ እንደ ቀልድ ነበር። ቀልድነቱ የቀረው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ነው። ክሩን እኔ አስገባላቸው ጀመር፤ ቀጥሎ ከጎን የሚመጣ ሰው ይገጫቸው ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። ወጣት ነው፣ አማርኛው ላይ ኦሮምኛ እየጨመረ ረጋ ብሎ ነው ያስረዳን። ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እያቆየን እንሞክራለን።

«እስከ መቼ ያቆየኛል?» አሉት።

«እንደ ሰዉ ነው፣ እናቴ። ዓመታትም ሊሆን ይችላል፣ ሊፈጥንም ይችላል።»

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበር። እኔ ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ነው። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሶርን ቶሎ ማየት አለብኝ። ከሁሉ በፊት እሱን።»

ወደ ሶር የሚደረግ ጉዞ ሲታወቅ ገና ሰሌዳው ላይ ሳልጽፈው አስመዘገብኳቸው፤ እኔም ተመዘገብኩ። እትዬ ለጭቃው የኮንጎ ጫማ አወጡ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጠሩ፣ ከአውቶቡሱ በመስኮት በኩል ያለውን መቀመጫ ያዙ። መኪናው ሊነሳ ሲል ለኳስ ውድድር ከሌላ ኮሌጅ የመጡ ልጆች ከነአሰልጣኛቸው መጡ። ቦታ የለም። ማንም ማንንም ተነስ አላለም፤ አስተባባሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እዚህ አገር ያ ይበቃል።

መጀመሪያ የተነሱት እትዬ ናቸው።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ልጆቼ። እኛማ የአገሩ ሰዎች ነን። ውሃው የት ይሄዳል?»

ከዚያ አናጢው ተነሳ፣ ነርሷም ተከተለችው። እትዬ ተነስተው እኔ ልቀመጥ አልችልም፤ እኔም ወረድኩ። ያ ሁሉ የከተማ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ ሙሉ የማያውቀውን ሰው እጁን እያውለበለበ ሸኘ። ስንመለስ እትዬ ፊታቸው የበራ ነበር። ሰው በእንግዳ ፊት ሲያምርበት እንደዚያ ነው። ዳቦ ቆሎውን በረንዳው ላይ ተቀምጠን በላነው።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ የተነሱት ለተመራቂዎች ነው። ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰው በማግሥቱ ሊበተኑ ነው። «እነዚህ ዳግመኛ አይመጡም፤ እኛ እዚሁ ነን» አሉኝ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ። አንዷ ልጅ ልትወድቅ እስክትደርስ በመስኮት ተንጠራርታ አቅፋ ሳመቻቸው። በእሱም ደስ አላቸው። እኔ ያን ጊዜ ደስታው ላይ አልተባበርኳቸውም፤ በመንገዱ ላይ ድንጋይ ሲያደናቅፋቸው አይቻለሁና፣ ትልቅ ድንጋይ፣ ለማንም የሚታይ።

ሦስተኛው ጊዜ እንግዳ አልመጣም። ሁላችን ገብተን ተቀምጠን ሳለ ስልክ ተደወለ። ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ የሚኖሩ ሽማግሌ አርፈዋል፤ ቀብሩ ጎሬ ነው፣ ለቀስተኛ የሚጭን መኪና የለም። ሹፌሩ ዞሮ አየን።

«ምን ታየናለህ?» አሉት እትዬ። «ሬሳ እየጠበቀ ፏፏቴ? አዙረው።»

አዞረው። ማንም አልወረደም፤ እንደተቀመጥን ለቀስተኛውን እየጫንን ጎሬ ሄድን። እትዬ ለፏፏቴው በያዙት መቀመጫ ላይ፣ በኮንጎ ጫማቸው፣ ቀብር ዋሉ። ከሥርዓቱ በኋላ ኮረብታው ጫፍ ላይ ቆመው ጫካውን እያዩ «ሶር በየት በኩል ነው?» አሉኝ። በእጄ አሳየኋቸው። ፊታቸውን እስከ ጣቴ ድረስ አምጥተው፣ ከዚያ ጣቴን ተከትለው ነው ያዩት። ያን ዕለት ምን ያህል እንደጠበበባቸው ገባኝ።

ለምን ሁለታችን ብቻችንን አልሄድንም? ሰው ሲጠይቀኝ መልሱ ቀላል ይመስለዋል። ሚኒባስ እንያዝና እንሂድ ብያቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜም አይደለም።

«ሁለት ሴቶች ጫካ መሃል ሄደን ውሃ ላይ ልናፈጥ?» ይሉኛል። «ሰው ሲሰማ ምን ነካቸው ይላል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከሰው ጋር ነው የሚኬደው። አንቺ ጻፊው እንጂ እኔ እሄዳለሁ።»

እኔም ጻፍኩት። በጥሩ ፊደል፣ በሁለት ቋንቋ፣ በሰሌዳው ራስ ላይ። መጻፉን እንደ መሄድ የቆጠርኩበት ጊዜም ነበር። እትዬም ሰሌዳው ላይ ያለ ነገር የማይቀር ይመስላቸው ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና መሰብሰብ ቀረ። ሰሌዳው ላይ እጅ ስለመታጠብ ከተጻፈው በቀር ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። እሱ ሲያልፍ ደግሞ ጸጥታው ታውኮ መንገድ መውጣት የሚያሳስብበት ወቅት ተከተለ፤ ማንም ከከተማ ውጭ ሽርሽር ብሎ አያነሳም። ዓርብ ማታ እትዬ ልማዳቸው ሆኖ «ሳምንቱ ምን ይዟል?» ይሉኝ ነበር። «ባዶ ነው» እላቸዋለሁ። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ በረንዳው ጥግ ላይ ቆማለች። ጠብታውን ጠዋትና ማታ አደርግላቸው ነበር። አንድ ጠዋት አንገታቸውን አቅንተው ጠብታውን ሲጠብቁ «መስኮቱን አልከፈትሽም እንዴ?» አሉኝ። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር።

ጉዞው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቱ መምህር ወረቀቱን ይዞልኝ ሲመጣ «ሶር ፏፏቴ» የሚለውን አነበብኩና ብዕሩን አስቀመጥኩ። ያን ዓርብ እቤት ገብቼ ሌሎቹን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እሱን ዘለልኩት። የግጥም ምሽት አልኩ፣ ችግኝ አልኩ።

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው።»

«ስትደብቂኝ ድምፅሽ ይታወቃል» አሉ። «ሶር አለበት አይደል? አስመዝግቢኝ።»

«እትዬ…»

«አስመዝግቢኝ አልኩ። አሁን ማንን ልጠብቅ ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ሞላ። እንደ ሁልጊዜውም መጨረሻ ላይ እንግዶች መጡ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፣ ሁለት ሰው ቦታ አጣ። አስተባባሪው እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ። እትዬ ወሬውን በጆሯቸው ተከታትለው የፊቱን ወንበር ጫፍ ያዙ፤ ሊነሱ ነው። ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

«ይቀመጡ።»

«ሰው ቆሞ?»

«ይቁም።»

መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማኝ። ከኋላችን አንዲት ሴትዮ «ኤዲያ!» አለች። ፊቴ ጋለ፤ ግን የቀሚሱን ጫፍ አልለቀቅኩም። ከቆሙት አንዱ ወንበር ያለ አግባብ የተያዘ መስሎት ይሁን ወይም አዝኖ፣ «እናታችን ለምን ይደክማሉ? ለሳቸው እኮ…» አለና የቀረውን ዋጠው።

እትዬ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። «አንገትህ ላይ የሚንቋቋው ምንድን ነው?»

«ካሜራ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው አንተ በሱ ልታይ ነው፤ እኔ በእህቴ። እኩል ነን።»

አውቶቡሱ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ በርጩማ ተፈልጎላቸው ሁለቱም መተላለፊያው ላይ ተቀመጡ።

ከመኪናው ከወረድን በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ከዛፉ ሥር የጫካ ቡና፣ ከላይ ጉሬዛ፣ ከታች ጭቃ። ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ያዟቸው። እኔ ከፊት እየሄድኩ ሥር ሲኖር «ሥር»፣ ድንጋይ ሲኖር «ድንጋይ» እላለሁ። የውሃው ድምፅ ሲሰማ እትዬ ቆሙ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ፊታቸው ረጠበ፤ በመዳፋቸው ጠረጉት።

«ዝናብ ነው?»

«የውሃው ነው፣ እትዬ። ደርሰናል።»

ሌሎቹ ፎቶ ለመነሳት ወደ ዓለቱ ሄዱ። እኛ ሣሩ ላይ ቀረን። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ስለ ውሃም አንብቤያለሁ።

«ከፍታው ከኮሌጁ አዳራሽ ይበልጣል» አልኳቸው።

«አዳራሹን ስንት ጊዜ?»

«እንጃ።»

«አንቺ እንጃ ስትይ ዛሬ ሰማሁ» አሉ። ክንዴን ፈልገው ያዙ። «እሺ፣ መሃሉ ላይ ምን አለ? ስፌቴ ባለፈበት ላይ።»

አየሁ። ደህና አድርጌ አየሁ፤ በዚህ እንኳ እንዳልሳሳት።

«መሃሉ ላይ ውሃው ወፍራም ነው። ከላይ ሲነሳ አንድ ላይ ነው፤ ወደ ታች ሲመጣ እየተበተነ ጭስ ይሆናል። አንዱ ቶሎ ይወርዳል፣ አንዱ የዘገየ ይመስላል።»

«መስመር የለውም?»

«የለውም።»

«ቀጥ ያለ ነገርም?»

«የትም ላይ የለም።»

«እንግዲያው ልጁ ቀጥ አድርጎ የሣለው ስፌቴን ተከትሎ ነው» አሉ። ከዚያ እንደ መሳቅም እንደ መተንፈስም አደረጋቸው። «ይሄን ለማወቅ ነው እንግዲህ።»

ስለ ቀለሙ ልነግራቸው ጀመርኩ። አረንጓዴ አልኩ፣ አይ ነጭ ነው አልኩ፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ አለው አልኩ። ክንዴን ነቀነቁት።

«ተይው። አንቺስ መች አየሽው? ስትጽፊውና እኔን ስትጠብቂ ነው የኖርሽው። አፍሽን ያዢና እዪው።»

ዝም አልኩና አየሁት። ውሃው እየወረደ ነው፣ እንግዶቹ ዓለቱ ላይ እየተሳሳቁ ነው፣ ባለ ካሜራው ጀርባውን ለፏፏቴው ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርጌ ለማየት ሞከርኩ፤ እንዴት እንደሚደረግ አላወቅኩበትም። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላስታውስም። ከዚያ ወደ እትዬ ዞርኩ።

ፊታቸውን ቀና አድርገው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ በሙሉ ልብ እየተመለከቱ ነበር። የሚመለከቱት ግን ከማዶ ያለውን ገደል ነው። ድምፁ እዚያ እየተላተመ ይመለሳል፤ ከዚያ የሚመጣ መስሏቸዋል። የኮንጎ ጫማቸውም ወደዚያው ዞሯል።

ትከሻቸውን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኳቸው።

«ወዲህ ኖሯል እንዴ?» አሉ።